የዋንዛው ጥላ፣ የገበዙ ዱላ

ግንቦት ሲጋመስ፣ ሰማዩ በዓባይ በረሃ በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ የማንኩሳ ዙሪያ ገበሬ ከእርሻው ቀና ብሎ ዋንዛውን ያይ ነበር። በቆሎው ከመዘራቱ በፊት ዛፉ መመልመል አለበት። ጥላው ከበዛ አገዳው ይቀጥናል፤ ዛፉ ጭራሹን ከተገፈፈ ደግሞ በሬው በቀትር የሚያርፍበት፣ አራሹ ምሳውን የሚበላበት፣ ንቡ አበባ የሚቀስምበት ይታጣል። ምን ያህል ተቆርጦ ምን ያህል እንደሚቀር የሚያውቅ እጅ ያስፈልግ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ልጅ ያን እጅ ከሥር ቆሞ ያይ ነበር። እጁ የአያቱ ነው። አያቱ በሥራ ቀን ገበሬ፣ በእሑድና በበዓል ደግሞ የአጥቢያው ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለልጁ ያሲዙትና፣ መጥረቢያውን በጠፍር ከወገባቸው አስረው፣ በባዶ እግራቸው ግንዱን አቅፈው ይወጣሉ። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርሱ ከላይ አይጀምሩም። ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ከታች በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ገጨት ያደርጉታል፤ ከላይ የሚወርዱበት ከዚያ በኋላ ነው። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን እየገሸለጠ፣ ግንዱን አራቁቶ እንዳይወርድ ነው። ቅርንጫፉ መሬት ከደረሰ በኋላ የቀረውን ጉቶ እንደገና አስተካክለው ይቆርጡታል።

አንድ ቀን የሰው ጭን የሚያህል ቅርንጫፍ ጥለው ሲወርዱ ልጁ ቁስሉን አይቶ ቅር አለው። ከግንዱ ጋር አልተስተካከለም፤ እንደ ቀለበት ያበጠ ነገር ዙሪያውን ቀርቷል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ተረፈ። ለምን አስጠግተው አይቆርጡትም?»

«አንገቱ ነው ልጄ። አንገቱ ከተነካ ቁስሉ አይገጥምም። ረጅም ጉቶ ከተውኩለትም ይበሰብስና ብስባሹ ሆዱ ይገባል።»

ዛሬ የዚያ ልጅ ጸጉር ሸብቷል። በደን ሙያ ተምሮ፣ በሙያው ኖሮ፣ ጡረታው እየቀረበ ነው። ስለ ዛፍ እንክብካቤ ሲጠየቅ ከመጽሐፍ አይጀምርም፤ ከዚያ ዋንዛ፣ ከዚያ አንገት ይጀምራል።

አገሩ ለዛፍ የታደለ ነው። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 387 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነው፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ዓመት የካቲት ማብቂያ ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጥቶ ነበር። ከደምበጫ ተነስቶ በጂጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ የሚያቋርጠው የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው። ላህ፣ ብር፣ ፈጣም የሚባሉት ወንዞች ውኃቸውን ወደ ዓባይ ያወርዳሉ። ማንኩሳን በዓይኑ ያላያት አንባቢ እንኳ በስም ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ወላጆች ያኖሯቸው እዚያ ነው።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ አሻግሮ ለሚያይ ሁለት ዓይነት ዛፍ ይታያል። አንዱ በእርሻው መካከል ለብቻው የሚቆመው ነው፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሾላው፣ ግራሩ። ሌላው በጉብታው ላይ ጠቅጠቅ ብሎ፣ ጠቁሮ የሚታየው ነው። ከዚያ ጥቁር ደን መካከል ጉልላት ብልጭ ካለ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ልጁ በአውቶቡስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ደኑን እየቆጠረ «ያ ሚካኤል፣ ያ ማርያም፣ ያ ጊዮርጊስ» ይል ነበር። ለእሱ የአገሩ ካርታ ያ ነበር።

የእርሻው ዛፍ እንዲሁ የተተወ ዛፍ አልነበረም። ዋንዛ ቅጠሉን አራግፎ መሬቱን ያለሰልሳል፤ እንጨቱ ለበር፣ ለአልጋ፣ ለገበታና ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሆናል፤ እንደ ሙጫ የሚለጠፈውን ጣፋጭ ፍሬውን እረኛ ይበላዋል። የብሳና ወተት ጭርት ላይ ይቀባል። ወይራ ጋን ይታጠንበታል፣ መፋቂያ ይሆናል፣ ለእርሻ ዕቃም ይጠረባል። ስለዚህ አራሹ በማሳው ውስጥ ራሱ የበቀለች የዋንዛ ችግኝ ሲያገኝ ማረሻውን ዞር አድርጎ ያልፋታል። ያች ዞር ማለት የምዕራብ ጎጃምን ገጽታ ከሠሩት ነገሮች አንዷ ናት፤ ዛሬ በማሳው መካከል ግርማ ሞገስ ይዞ የቆመው ዋንዛ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ገበሬ በሬውን ወደ ጎን የመለሰለት ችግኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሌላ ሥርዓት ነበረው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ደኑ ለቤተ ክርስቲያኑ እንደ ልብስ ነው፤ ምእመኑም እንደ ኤደን ገነት አምሳል ያየዋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ከሥራቸውም ቡናና ጌሾ ይበቅሉበታል። ጉሬዛው ከላይ ይዘላል፣ የቆሎ ተማሪው ከታች ቅኔ ይቆጥራል።

ልጁ ከቅድስናው ጋር አብሮ የሚያስታውሰው ግን ሥራውን ነው። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ ቁልፉን የሚይዝ አገልጋይ ነው፤ ደኑም ከንብረቱ አንዱ ነበር። አያቱ ከኪዳን በኋላ ዱላቸውን ይዘው ቅጽሩን ይዞራሉ። በዱላው ጫፍ ግንዱን ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ድምፁ ድፍን ከሆነ ያልፋሉ፤ እንደ ባዶ ጋን ካስተጋባ ቆም ብለው ዙሪያውን ያያሉ፣ ልጁንም ከዚያ ዛፍ ሥር እንዳይጫወት ያስጠነቅቁታል። ሐረግ ያነቀው ወጣት ጽድ ካጋጠማቸው ሐረጉን ከሥሩ ይቆርጡለታል። ተማሪዎቹ ለማገዶ እርጥቡን እንዳይነኩ ደረቁን ራሳቸው ያሳዩአቸዋል። ፍየል ዐጸድ ውስጥ የገባ እንደሆነ ባለቤቱ እሑድ በደጀ ሰላም ይወቀሳል፤ ጉዳዩ ከከፋ ግዝት ይመጣል። ግዝቱን ሁሉም ያውቀዋል። ዙረቱን ግን የሚያውቁት አያትና የልጅ ልጅ ነበሩ።

አንድ ክረምት ነፋስ አሮጌ ጽድ ጣለ። ሌሊት ነበር፤ ድምፁ እንደ መድፍ መንደሩን ቀሰቀሰ። ሲነጋ ሽማግሌዎቹ በግንዱ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታው እንደ አዲስ እርሳስ ሽታ ነው። ማንም መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት ምክክር ተደረገ። ምስጥ ስለማይደፍረው ግንዱ ለቤተ ልሔሙ ቋሚ ይሁን፣ ቅርንጫፉ ለዝክር ማብሰያ ይሁን ተባለ። ለግል ቤት አንድ ፍልጥ አልወጣም። ልጁ ጉቶው ላይ ተንበርክኮ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ፣ ቀለበቶቹን መቁጠር ጀመረ። መቶ ላይ ሲደርስ ተምታታበት። ከዓመታት በኋላ ነው ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ጽድ ቀለበት እያነበቡ ያለፈውን ዘመን ዝናብ እንደሚያጠኑ የተረዳው።

ስለዚህ አገር ዛፍ የጻፉ እንግዶችም አሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የኮሶንና የዋንዛን ሥዕል ከነአገር ስማቸው አኑሯል። አውሮፓ ዋንዛን ያወቀው እንዲህ «ዋንዛ» እየተባለ ነው።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ምን ያህል ደን አጣ? በ1970ዎቹ ተማሪ የነበረ ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውን ቁጥር ሰምቶ አድጓል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን የተጓዦችን ማስታወሻና የቆዩ ፎቶግራፎችን መርምረው ቁጥሩን ተጠራጥረውታል፤ የሰሜኑ ደጋ ጥንትም የታረሰ፣ ዛፉም የተበታተነ እንደ ነበር አሳይተዋል። ይህ ነገር ለደን ሙያተኛው ልጅ የሚያሳዝን ዜና አልነበረም። እንዲያውም የአያቱን ዙረት ክብር አገዘፈለት። የቆመው ዛፍ የቆመው ደኑ ሰፊ ስለ ነበር ሳይሆን፣ በየዘመኑ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ስለ ዞረበት ነው።

የዘመኑ ነፋስ ዐጸዱንም ነክቶታል። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን ሰሞን መሬቷን አጣች፤ በዚያ መሬት ይኖሩ የነበሩ አገልጋዮች የምእመኑ መዋጮ ጥገኛ ሆኑ። ዐጸዱ ግን ከነዛፉ ቀረ። በዚያው ዘመን የገበሬ ማኅበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለውን ጉብታ በባሕር ዛፍና በፈረንጅ ጽድ አስሸፈነው። ጉድጓድ የቆፈረው ሕዝቡ ነው፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ጋር ወጥቶ ችግኝ ተሸክሟል። ተከላው በዘመቻ፣ ጥበቃው በጥበቃ ጓድ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ጉብታው ለመለመ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የሆነው እዚያም ሆነ። ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ሲነጋ አጣና የተሸከመ ሰው በየአቅጣጫው ይሄዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት አህያ ተጨመረ። ሳምንት ሳይሞላ ጉብታው ጉቶ ብቻ ሆነ። ጎረቤቶች እርስ በርስ አልተነቃቀፉም፤ ዛፉ የመንግሥት ነበር፣ መንግሥት ደግሞ ሄዷል። ከዚያ ጉብታ ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስበት የቤተ ክርስቲያኑ ደን ግን አንዲት ቅርንጫፍ አልተነካችበትም። ልጁ ያኔ ወጣት ነበር። ያን ሳምንት ሁለቱን ጉብታዎች እያፈራረቀ ያያቸው እንደ ነበር፣ ደን ለማጥናት የወሰነውም ያኔ እንደ ሆነ ይናገራል።

ትምህርቱ ወንዶ ገነት ወሰደው። የደን ትምህርት ቤቱ በ1970 ዓ.ም. በስዊድን እገዛ የተቋቋመ ነው፤ ብዙ የኢትዮጵያ ደን ባለሙያ በዚያ አልፏል። ዝናብ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ስለ አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ማስተማር ጀመሩ። ሺጎ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ውስጥ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ በሞተር መጋዝ ብዙ ሺህ ዛፍ በቁመቱ እየሰነጠቀ ውስጡን መረመረ። ያገኘው ነገር የዛፍ እንክብካቤን ሙያ ለወጠ። የእንስሳ ቁስል ሲድን የተጎዳው ሥጋ ታድሶ ይተካል። ዛፍ እንዲህ አያደርግም። ዛፍ የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ አጥር ያጥርበትና ብስባሹን እዚያው ያግተዋል፤ ከዚያ በላዩ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ሺጎ ይህን በ1977 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለመልማዩ የሚሰጠው ትምህርትም ግልጽ ነበር፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ያበጠ ቀለበት አትንካ፣ ረጅም ጉቶም አትተው፣ ከሥር ሳትገጨው ከላይ አትቁረጥ፣ ቁስሉንም ቀለም አትቀባ።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንገቱ ነው ልጄ» የሚለው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለው። አያቱ ያን ጊዜ አርፈው ነበር፤ ነግሯቸው ሊያስደስታቸው አልቻለም። ቆየት ብሎም የዛፍ ባለሙያዎች የግንድን ባዶነት ለማወቅ በላስቲክ መዶሻ እየመቱ ድምፁን እንደሚያዳምጡ አነበበ። ያም የገበዙ ዱላ ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ስምና ወረቀት አለው። በጃፓን በመቅደሶቹ ዙሪያ ለዘመናት የተጠበቁ ደኖች አሉ፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ፈተና አልፎ «የዛፍ ሐኪም» የሚል ማዕረግ የሚይዝ ባለሙያ የቆዩ ዛፎችን ይመረምራል፣ ያክማል። በእንግሊዝ የአንድን ዛፍ ደኅንነት የአካባቢው ምክር ቤት በትእዛዝ ይጠብቃል፤ ባለይዞታው ያለ ፈቃድ ቅርንጫፉን እንኳ አይቆርጥም። በኢትዮጵያ ሕጉ ወደ ዛፎቹ ስም የመጣበት ጊዜ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ክልከላ ግን የገበዙን ዙረት አይተካም፤ መጥረቢያን ያስቆማል እንጂ ሐረግ አይቆርጥም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ለሳይንስ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን ዞረው 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ መዘገቡ፤ የዶክትሬት ጥናታቸውንም በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቀረቡ። ከፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ጋር በአፈሩ ውስጥ የተኛውን ዘርም መርምረዋል። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር። አብዛኛው የአገር በቀል ዛፍ ዘሩን በአፈር ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጥም፤ የወደቀው ዘር ቶሎ ይበቅላል ወይም ቶሎ ይጠፋል። እናቲቱ ዛፍ ከሄደች መሬቱን አጥሮ መጠበቅ ብቻውን ልጇን አያመጣም። ሌላው ችግር ከብት ነው። ዐጸዱ ውስጥ የገባ ከብት ቡቃያውን እየቀጨ፣ አፈሩን እየረገጠ ተተኪ ያሳጣል፤ ደኑ ከሩቅ ሲታይ ያምራል፣ ከሥሩ ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ይሆናል።

ዶክተር ዓለማየሁ አሜሪካዊቷን የዛፍ ጫፍ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማንን ያገኟቸው ሜክሲኮ ውስጥ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ነው። ሁለቱ የደቡብ ጎንደር ካህናትን ሰብስበው ደኖቹ ከሰማይ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ በፎቶ አሳዩአቸው። ካህናቱ ደሴት የመሰለውን የራሳቸውን ደን አይተው መፍትሔውን ራሳቸው አመጡት፤ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ለማረሻ ይመቻል፣ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። በር ያለው ካብ ስለ ሆነ ምእመኑን አይከለክልም። ገንዘቡን ላውማን ከአገራቸው አሰባስበዋል።

ሌሎች ተመራማሪዎች ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ያነሷቸውን የአየር ፎቶግራፎች ከዛሬ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ስፋት እንደ ተፈራው አልቀነሰም። የጠፋው ዙሪያው ነው። ድሮ ከደኑ ወደ እርሻው የሚወስደው ቁጥቋጦና ዛፍ የነበረበት መሬት ታርሷል፤ ዛሬ ማሳው ከቅጽሩ ይነካል። የገበሬው ዋንዛና የገበዙ ጽድ እንደ ዘመድ ይጠያየቁበት የነበረው ግቢ ነው የጠፋው። ወፍና ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መንገድ ረዝሟል።

ሁለቱ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ቦታ ከጣና ዳር አለ፤ ዘጌ። በዚያ ባሕረ ገብ መሬት የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ተብሎ ለዘመናት በሬ አልተጠመደም፣ ከብትም አልረባም። ከበትራቸው ቡናና ጌሾ እንደ በቀለ ይተረካል። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየለቀመ ኖረ፤ እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚባሉት ገዳማት በደን መካከል ቆመው ቀሩ። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ ሥርዓቱ ዘመናት ያስቆጠረ ነበር። በዘጌ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ማሳሳት የቡና ሥራ አካል ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው እጅ ከማንኩሳው እጅ ጋር አንድ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ዛሬ ከድሮው ይልቅ አረንጓዴ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ አበባ ማገዶና መሥሪያ ተብሎ የገባው ዛፍ ጎጃም ደርሶ የገበሬው ባንክ ሆነ። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ገበሬው ጠንካራውን ቁጥቋጦ መርጦ ሌላውን ይነቅላል፣ በጥቂት ዓመት አጣና ይሸጣል፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ልጁን ያስተምራል። ልጁ ይህን ሲያይ አይፈርድም፤ ወንድሞቹም በባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው የኖሩት። የሚከነክነው ባሕር ዛፉ ወደ ዐጸዱ ጥግ ሲገባና የእናት ዛፎቹን ቦታ ሲይዝ ነው። ከቡሬ አልፎ በአዊ በኩል ደግሞ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ብዙ ቤት አቅንቷል፤ በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ ገብቶበት ማሳ ሙሉ ዛፍ አድርቋል። የአንድ ዓይነት ዛፍ ማሳ በአንድ በሽታ ይወድቃል። በአያቱ ማሳ ግን ስድስት ዓይነት ዛፍ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ሲነገር እሱም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ወጥቶ ተክሏል። ደስ ብሎት ነበር። በማግስቱ ግን ሐሳቡ ወደ 1983ቱ ጉብታ ሄደ። ችግኝ በተተከለበት ቀን ፎቶ ይነሣል፤ ጥር ላይ ውኃ የሚያጠጣው፣ ሐረጉን የሚቆርጠው፣ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ጫፍ ካወጣች አንዱን ቆርጦ የሚያስተካክላት ማን ነው? ወጣት ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣዋል። ለአገር በቀሉ ዛፍ የሚያስፈልገው እውቀት አለ። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ እንደ ዝግባና ወይራ ያሉ ዘራቸው በጠንካራ ቅርፊት ስለሚታፈን ለመብቀል የሚያስቸግሩ ዛፎችን እንዴት ማብቀል እንደሚቻል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት መርምረው አስተምረዋል፤ ዶክተር አዘነ በቀለ ተሰማም በ1993 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ጠቃሚ ዛፎች ከነአገር ስማቸው በአንድ መጽሐፍ ሰብስበዋል። ልጁ የሚመኘው ይህ እውቀት በየአጥቢያው አንድ ሰው እጅ እንዲገባ ነው። ከሰበካ ጉባኤው ደመወዝ የሚከፈለው፣ ገመድና መጋዝ የተሰጠው፣ መውጣት የሠለጠነ፣ እናት ዛፎቹን በመዝገብ የያዘ አንድ ወጣት። ማዕረግ መፍጠር እንኳ አያስፈልግም፤ «ገበዝ» የሚለው ስም አለ።

መጨረሻ አገሩ የገባው በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በክልሉ ጦርነት መጣና መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ሆነ። ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ማንኩሳ ሲደርስ በእግሩ ወረደ። አውቶቡስ ላይ ሆኖ የቆጠራቸው ጥቁር ጉብታዎች ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። በዐጸዱ ውስጥ ዘወር ዘወር ሲል አንድ ዲያቆን ተከተለው። ልጁ አንድ ወይራ በጡጫው መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ዲያቆኑ ሳቀ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«አንተም ምታው እስኪ። ያኛውንም ምታው። ልዩነቱን ስማ።»

ዲያቆኑ ሁለቱን ግንድ ፈራ ተባ እያለ መታ። በሁለተኛው ላይ ጆሮውን አስጠጋ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄኛውስ ባዶ ነው» አለ። ከዚያም ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እየመታ ወደ ቅጽሩ ጥግ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የአያቱ ማሳ ወደ ነበረው ወረደ። መሬቱ በወንድሙ ልጅ እጅ ነው፤ በርበሬው ተለቅሞ ደርቋል። ዋንዛው ቆሟል። ከሥሩ የረገፈ ቢጫ ፍሬ ነበር፤ አንዱን አንሥቶ ጣቱ እስኪጣበቅ መጠጠው። ከዚያ በግንዱ ምሥራቅ በኩል፣ ከራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ያን ቁስል ፈለገው። አንገቱ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ዙሪያውን እያደገ መጥቶ ተገናኝቷል፤ ቅርንጫፉ የነበረበት ቦታ እንደ ተገጠመ ከንፈር ቀጭን ስፌት ብቻ ሆኗል። መዳፉን አሳረፈበት። ልጡ በጥር ፀሐይ ሞቆ ነበር።